ስድስት ቁጥር ብረት

ከሟቹ የሚታየው ከጉልበት በታች ያለው እግሩ ብቻ ነበር፤ የቀረውን አፈር ውጦታል። ጊዜው ማክሰኞ ጠዋት ነው። መርማሪዋ ከተናደው አፈር አጠገብ ቁጢጥ ብላ ዙሪያውን ቃኘች።

ወንዙ እዚህ ላይ እንደ ክርን ስለሚታጠፍ የጥናት ጣቢያው ሰዎች ቦታውን «ክርኑ» ይሉታል። በወዲህኛው ዳር ውሃው አፈሩን ከሥሩ እየበላ የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ቀጥ ያለ ገደል ሠርቷል። በወዲያኛው ዳር ደግሞ ጉልበቱ ስለሚደክም የተሸከመውን እያራገፈ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ዘርግቷል። ጣቢያው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ወንዙ ስንት ወሰደ፣ ስንት አስቀመጠ፣ ነፋሱስ ከተቀመጠው ላይ ስንቱን አነሳ፣ ይህንኑ መለካት ነው። አሁን ዋና ተመራማሪው፣ ሁሉም «ኃላፊው» የሚሉት ሰው፣ ሲያስለካው በኖረው ገደል ሥር ተኝቷል።

«ጉዳዩ ያለቀለት ነው» አላት የፖሊስ አዛዡ ከበላይዋ ቆሞ። «ሰውየው ጫፉ ላይ ቆመ፣ አፈሩ ከነሕይወቱ ይዞት ተናደ። ወንድሙን ጠይቄዋለሁ፤ ገደሉ ከሚፈቀደው በላይ ተበልቶ ነበር፣ የጣቢያው ለኪ ግን የአደጋ ባንዲራ አልተከለም። በቸልተኝነት ሰው አስገድሏል ብዬ እከሰዋለሁ። አንቺ ፈርሚና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ይህን አዛዥ ከስምንት ዓመት በፊት የጣት አሻራ አነሳስ ያስተማረችው እሷ ናት። ሹመቱ እስኪመጣ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚላት፤ ማዕረጉ ትከሻው ላይ ባረፈ ማግስት «አንቺ» ሆነች። ቀናች ወይ? እንዴታ፣ ቆሽቷ እስኪያር ነው የቀናችው፤ ይህንንም ከራሷ ደብቃ አታውቅም። እንዲያውም ለሥራዋ ይበጃታል። ቅናትን ሌላ ሰው ፊት ላይ ስታየው ወዲያው ትለየዋለች፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ ታየዋለችና።

«እፈርማለሁ» አለችው። «ግን አፈሩን አካፋ እንዳይነካው። በእጅና በብሩሽ ብቻ።»

«ለምን ሲባል?»

«ወገቤን እስካሳርፍ ድረስ ነው።»

ሦስት ፖሊሶች እያጉረመረሙ አፈሩን በእጃቸው ገለጡት። ከላይ ከገደሉ የወረደው ቀይ አፈር ነበር። ከቀዩ አፈር ሥር፣ በሟቹ ልብስና አንገት ላይ፣ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አሸዋ ተነስንሷል፤ በጀርባው በኩል፣ ከነፋስ በተጋረደው ጎኑ፣ አሸዋው ወፍሮ ቁልቁል እንደ ጅራት ሾሏል። ከሰውየው ሥር ደግሞ ደርቆ የተሰነጣጠቀ የወንዝ ጭቃ አለ፤ ራሱን የፈነከተው ድንጋይ እዚያው ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ ነበር። ውሃው አምስት እርምጃ ርቆ ዝግ ብሎ ይፈስሳል። መርማሪዋ ከሦስቱም ቆንጥራ በሦስት ወረቀት ጠቀለለችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ለኪው እጁ በካቴና ታስሮ የጥናት ጣቢያው በር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው።

«አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ስትል አጠገቡ ተቀመጠች።

«ብረት ማንበብ ነው። ገደሉ ፊት ላይ፣ ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ዘጠኝ ብረቶች አግድም ተሰክተዋል። መጀመሪያ ሲሰኩ ከአፈሩ እኩል ናቸው። አፈሩ በተበላ ቁጥር ጫፋቸው ብቅ ይላል። በየዓርቡ በደረቴ ተኝቼ ብቅ ያለውን እለካለሁ። ከአሥር ሴንቲሜትር ካለፈ ቀይ ባንዲራ እተክላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ጫፉ ላይ አይደርስም።»

«የተናደው ቦታ ላይ የነበረውስ?»

«ስድስት ቁጥር ነው። ዓርብ ዕለት ዘጠኝ ሴንቲሜትር ነበር። ዘጠኝ ነው፣ እትዬ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ዓርብ አላለፈኝም፤ ልጄ የተዳረች ዕለት እንኳ ለክቼ ነው ሠርጓ ቤት የሄድኩት። እስሩን እችለዋለሁ። በሥራው ለግሞ ሰው አስፈጀ መባሉን ግን አልችለውም።»

«ከኃላፊው ጋር ቅሬታ ነበረዎት?»

«ከእሱ ጋር እንኳ አይደለም። ከአዲሷ ልጅ ጋር ነው። አንድ መሣሪያ አምጥታለች፤ ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይመዘግባል፣ ቢያዙት ሻይም ሳያፈላ አይቀርም። ኃላፊው ሲያሞግሳት በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። በቅናት ግን ሰው አይገደልም።»

መርማሪዋ እንደሚገደል ታውቃለች፤ ለእሱ ግን አልነገረችውም። መዝገቡን ተቀብላ ገለጠች። የዓርቡ ቁጥር ዘጠኝ ይላል፤ የተጻፈው ግን በእርሳስ ነው፤ እርጥበት ባለበት ብዕር ይደበዝዛል ብለው ሁሌም በእርሳስ ነው የሚጽፉት። እርሳስ ደግሞ ይጠፋል፤ እንደገናም ይጻፋል።

ካርታ ክፍል ውስጥ የሟቹ ታላቅ ወንድም ብቻውን ነበር። የጣቢያው ካርታ ሠሪ ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ንጹህ ሰው። ጠረጴዛው ላይ የክርኑ ትልቅ ካርታ ተዘርግቷል።

«በዚህ ሰዓት እየሠሩ ነው?» አለችው።

«ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። እጄን ሥራ ካላስያዝኩት እብዳለሁ።» ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ። «ይኸው፣ ክርኑ በወንድሜ ስም እንዲጠራ ባለፈው ሳምንት ከበላይ ተወስኗል። ስሙን እኔው በእጄ ጻፍኩት። ደስ ብሎኛል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች። ስሙ የተጻፈበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ሳስቷል፤ ተጽፎ፣ በምላጭ ተፍቆ፣ ደግሞ ተጽፏል። ያውም ከአንዴ በላይ።

«በስንት ዓመት ይበልጡት ነበር?»

«በአራት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወንዝ እንዴት እንደሚነበብ ያሳየሁትም እኔ ነኝ። እሱ አንደበቱ ርቱዕ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው። እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የምውለው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ወንድም ሲከበር ማን ይጠላል? በጣም ነው ደስ ያለኝ።»

ሦስተኛው «ደስ አለኝ» መርማሪዋን ጆሮዋን አሳከካት። አዛዡ የተሾመ ዕለት እሷም ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እንዲሁ ስትል ውላለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ ትራስ ነክሳለች።

«ስለ ለኪው ምን ይላሉ?»

«ምስኪን ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ስድስት ቁጥር አሥራ አንድ ሴንቲሜትር ወጥቶ ነበር። ከአሥር በላይ ነው፤ ባንዲራ መትከል ነበረበት።»

«አሥራ አንድ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ከመዝገቡ ነዋ። ዓርብ ማታ ማታ አየዋለሁ፤ ካርታው የሚሠራው ከእሱ ነው።»

መርማሪዋ የሟቹን ሚስት ከጣቢያው ጀርባ ባለው ቤት ውስጥ የባሏን ሸሚዞች ስታጥፍ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል፤ አንደበቷ ግን እንደ ምላጭ ስል ነው።

«ማንን እንደምትጠይቂ ልንገርሽ? ያቺን ልጅ ጠይቂ» አለቻት። «ሰኞ ጠዋት በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ደረስኩ፤ እኔን ሲያዩ ወረቀት ደበቁ። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ባሌ ሸሚዝ ቀየረ፣ ጫማውን ወለወለ። ወንዝ ዳር ለመሄድ ጫማ የሚወለውል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ‹ወዴት ነው?› ስለው ሳቅ አለና ‹ስመለስ እነግርሻለሁ› አለኝ።»

«ተከተልሽው?»

«እስከ አጥሩ በር ድረስ። ከዚያ ክብሬ ያዘኝ። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተደፋሁ። ብከተለው ኖሮ ወይ አተርፈው ነበር፣ ወይ ራሴ እገድለው ነበር። ሁለቱንም ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት።»

«አዲሷ» የምትባለው ተመራማሪ ጣቢያው ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እንዲያም ሆኖ አዲስነቱ አልለቀቃትም። መርማሪዋ ስለ ወረቀቱ ስትጠይቃት አንገቷን ደፋች።

«ደብዳቤ ነው። የፍቅር አይደለም፣ እመኚኝ። ለሚመለከተው ሰው እሱ ራሱ እስኪነግረው ድረስ ትንፍሽ እንዳልል ቃል አስገብቶኛል።»

«እሱማ ሞተ።»

«ስለሞተ እኮ ነው የከበደኝ።»

መርማሪዋ አልተጫነቻትም። «እሺ፣ ስለ አየሩ ንገሪኝ» አለቻት።

«ቅዳሜ ነፋስ ተነሳ። እስከ ሰኞ አልበረደም፤ ከወዲያ ማዶ ያለውን አሸዋ እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ሲሞጅርብን ከረመ። የቆመው ሰኞ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ወንዙ ደግሞ ከጎደለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የገደሉን እግር ከነካ ቆይቷል።»

ከዚያ መርማሪዋ ለኪውንና አዛዡን አስከትላ ዕቃ ቤቱ ገባች። ግድግዳው ላይ ትርፍ ብረቶች በየመንጠቆው ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ንጹህ፣ ሁሉም አዲስ። አንዱ ብቻ አብዛኛው አካሉ በደረቀ ቀይ ጭቃ ተሸፍኗል፤ ጫፉ ላይ ግን ጭቃ የለም፣ አሸዋ ወልውሎት ያብለጨልጫል። አንገቱ ላይ ቆርቆሮ ቁጥር ተንጠልጥሏል። ለኪው ሲያየው ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ስድስት ቁጥር ነው» አለ። «ይኼማ አፈሩ ሥር ነበር መገኘት ያለበት።»

«ለምን አልታጠበም?»

«ብረት አይታጠብም፤ ደንባችን ነው። ከገደሉ የወጣ ብረት ከነጭቃው ነው የሚሰቀል። ጭቃው አፈር ውስጥ የነበረውን ያሳያል፣ ባዶው ወደ ውጭ የወጣውን። በመዝገቡ ላይ ጥርጥር ቢነሳ ብረቱ ይመሰክራል።»

መርማሪዋ ሜትር አውጥታ ባዶውን ለካች። ደግማ ለካች። አሥራ አንድ ሴንቲሜትር ነው።

አዛዡ እጁን አጨበጨበ። «አለቀ፤ መዝገብህን ሰርዘህ ዘጠኝ አልክ፣ ብረትህ ግን አጋለጠህ። ገደሉ እንደሚናድ ስለምታውቅ አስቀድመህ ነቀልከው። ይኼ ቸልተኝነት አይደለም፤ ግድያ ነው።»

ለኪው የታሰሩ እጆቹን ወደ ብረቱ ዘረጋ። «እኔ ዘጠኝ ነው ያነበብኩት» አለ። ሁለት ወር የቀረው ጡረታ ቀርቶ ዕድሜ ልክ እስር ፊቱ ተደቀነበት።

መርማሪዋ ወደ አዲሷ ክፍል ተመልሳ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት። «ዓርብ ዕለት መሣሪያሽ ስድስት ቁጥር ላይ ስንት አነበበ?»

«ዘጠኝ። ሽማግሌው ሊያሳፍረኝ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ የእሱም የእኔም ዘጠኝ ሲሆን ተናደደ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው አልቆ አልሠራም።»

ከቀትር በኋላ ሁሉም ካርታ ክፍል ተሰበሰቡ። ሚስትየዋ ከአዲሷ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። ታላቅ ወንድም ከጠረጴዛው ኋላ፣ ለኪው ከነካቴናው በሩ ሥር ነው። አዛዡ ሰዓቱን ያያል። መርማሪዋ ሦስቱን ወረቀቶች ካርታው ጫፍ ላይ ዘረጋቻቸው።

«እናንተ ስለ መሬት ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ» አለች። «ስሳሳት አርሙኝ። ከሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ደለል» አለች አዲሷ። «ወንዙ ሲጎድል የጣለው።»

«ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃው አምስት እርምጃ ርቋል። እንግዲህ ገደሉን ከሥር የሚበላ ውሃ አልነበረም ማለት ነው። ከሥሩ ያልተበላ ገደል ደርሶ ይናዳል?»

«አይናድም» አለች አዲሷ።

«ደለሉ ላይ ሰው አለ። ሰውየው ላይ ምን አለ? አፈር ነው እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ያለው ይኼ ነጭ አሸዋ ነው። ይህን ማን አመጣው?»

«ነፋስ» አለ ለኪው ከበሩ፣ ሳያስበው። «ወፍራሙን ማንሳት አይችልም፤ የላመውን ብቻ ነው የሚሸከም። የሚጋርደው ነገር ሲያገኝ ከኋላው ያራግፈዋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አፈሩ ይዞት ወርዶ ቢሆን ኖሮ አሸዋው ከአፈሩ በላይ ነበር የሚገኘው። አሸዋው ግን ከአፈሩ በታች ነው። ሰውየው መጀመሪያ ወደቀ፤ ነፋሱ አሸዋ እስኪያከማችበት ድረስ ተኛ፤ አፈሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነፋሱ ፀሐይ ስትጠልቅ ቆሟል። እንግዲያው አንድ ሰው ገፍቶ ጣለው፣ አካፋ ሊያመጣ ሄደ፣ ተመልሶም ጫፉን ቆርሶ አለበሰው።»

ሚስትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ይህ ሰው ከመቆፈሩ በፊት አንድ ነገር አደረገ» ስትል መርማሪዋ ብረቱን ከፍ አደረገችው። «በደረቱ ተኝቶ ስድስት ቁጥርን ነቀለ፤ ቁጥሩን አንጠልጥሎ ከነጭቃው ሰቀለው። ሌላ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ብረት ትዝ አይለውም። የዚህ ጣቢያ ሰው ብቻ ነው አሥራ ሁለት ዓመት የተነበበ ብረት አፈር ሥር ትቶ መሄድ የማይችለው።»

«ስለዚህ ለኪው ነዋ» አለ አዛዡ።

«እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ዓርብ ዕለት ብረቱ ዘጠኝ ነበር፤ መሣሪያውም ሰውየውም እኩል አንብበውታል። መዝገቡ አልተሰረዘም። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ የነፈሰው ነፋስ የደረቀውን ግድግዳ አራግፎ ሁለት ጨመረበት። ወንዝ ሳይሆን ነፋስ የወሰዳት ሁለት ሴንቲሜትር ናት። ስለዚህ አሥራ አንድ የሚለው ቁጥር በዚህ ዓለም ላይ የነበረው ሰኞ ዕለት ብቻ ነው፤ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፣ መሣሪያም አልያዘውም። የሚያውቀው ብረቱን የነቀለው ሰው ብቻ ነው።» ወደ ጠረጴዛው ዞረች። «እኔ ከመለካቴ በፊት አሥራ አንድ ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ታላቅ ወንድም እጆቹን ካርታው ላይ አሳረፈ።

«ዘጠኝ ማለት ነበረብኝ» አለ። «አንብቤው አሥራ አንድ ሆኖ ሳለ ዘጠኝ ማለት አፌ እንቢ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የተሳሳተ ቁጥር ጽፌ አላውቅም።»

«ብረቱንስ?»

«እሱን ገፋሁት። ብረቱን ግን እንዴት አድርጌ ልቅበረው?» ይህን ሲል የሰው ፊት የሚያይ አይመስልም ነበር። «ሕይወቴን ሙሉ እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ይመሰገናል። አባታችን ሲሞት ‹እሱን አደራ› አለኝ፤ እኔንስ ለማን አደራ ሰጠኝ? ዝም አልኩ። ክርኑን ግን እኔ ነኝ እጥፋት በእጥፋት የሳልኩት። ስሙን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ፋቅኩት። ሰኞ ዕለት ጫማውን ወልውሎ፣ እየሳቀ መጣብኝ።»

አዛዡ ቁልፉን አውጥቶ የለኪውን ካቴና ፈታ፤ ይቅርታ የሚል ቃል አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ለኪው ነፃ የወጣ እጁን እያሻሸ ታላቅ ወንድምን አተኩሮ አየው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሲያዝንለት ይታይ ነበር።

በዚህ መሐል አዲሷ ተነሳች። እንባዋ እየወረደ ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«የደበቅነው ደብዳቤ ይህ ነው» አለች፣ ቅጂውን ከቦርሳዋ አውጥታ። «ለበላይ መሥሪያ ቤቱ ነው። ሰኞ ጠዋት እኔ ነኝ የተየብኩለት። ‹ክርኑ በእኔ ስም አይጠራ› ይላል። ‹ያጠናውም የሳለውም ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በእሱ ስም ይጠራ፣ ይህ ካልሆነ ካርታው ላይ አልፈርምም› ይላል። በዚያው ቀን ተላከ። ለአንቺም ማታ ሊነግርሽ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ለወንድሙ፣ እዚያው ክርኑ ላይ ልንገረው ብሎ ነው የወጣው።»

ሚስትየዋ ወረቀቱን ተቀብላ እስከ ፊርማው ድረስ አነበበችው። ከዚያ ተራምዳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ስትገፋው ምን እያለህ ነበር?»

ታላቅ ወንድም እጆቹን ከካርታው ላይ አነሳ።

«‹ስለ ስሙ ጉዳይ አንድ ነገር ልንገርህ› ብሎ ጀመረ» አለ። «አላስጨረስኩትም።»

አዛዡ ካቴናውን ይዞ ጠረጴዛውን ዞረ፤ ካርታ ሠሪውም ሁለት እጆቹን አስቀድሞ ዘረጋለት።